የሆድ ሞራ ሲታመም፦ መከታተል፣ ናሙና መውሰድ ወይስ በቀዶ ሕክምና ማውጣት?

በግ ያረደ ሰው ሁሉ ሆዱ ሲከፈት አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፍበትን፣ አንጀትን ከላይ እንደ ነጠላ ሸፍኖ የተዘረጋውን ስስ የስብ መረብ ያውቀዋል። ይህ ሞራ በሰው ሆድ ውስጥም አለ፤ ሐኪሞች ኦመንተም የሚሉት እርሱን ነው። አብዛኛው ሰው ግን ስለ ራሱ ሞራ የሚሰማው ታሞ ሐኪም ቤት ከገባ በኋላ ነው። "ሞራው ዞሯል"፣ "ሞራው ወፍሯል"፣ "ሞራውንም አብረን እናወጣዋለን" የሚሉ ቃላት በድንገት ይደርሱበትና በዚያው ቀን የስምምነት ፊርማ ይጠየቃል። ከሞጣም ሆነ ከቢቸና፣ ከፍኖተ ሰላምም ሆነ ከደጀን ታማሚውን ይዞ የመጣ ቤተሰብ በዚያ ሰዓት የትኛው አማራጭ ለየትኛው ሕመም እንደሚሆን መለየት ይቸግረዋል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚያ ሰዓት ነው። የሐኪምን ምርመራ አይተካም፤ ከሐኪሙ ጋር የሚደረገው ንግግር ግን በእውቀት ላይ የተመሠረተ እንዲሆን ይረዳል።

ሞራው የሚሠራው ሥራ

ትልቁ ሞራ ከጨጓራ የታችኛው ጠርዝ ተነሥቶ፣ ከትልቁ አንጀት አግዳሚ ክፍል ጋር ተያይዞ ወደ ታች ይንጠለጠላል። በውስጡ ስብ፣ ብዙ የደም ሥሮችና ተሕዋስያንን የሚዋጉ የነጭ ደም ሕዋሳት ስብስቦች አሉ። ሆድ ውስጥ አንድ ቦታ ሲቆስል ወይም ሲያመረቅዝ ሞራው በቦታው ተጣብቆ ጉዳቱን ይከልላል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ራዘርፎርድ ሞሪሰን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ "የሆድ ፖሊስ" ብሎ የጠራው በዚህ ምክንያት ነው። ጨጓራ ወይም የትንሹ አንጀት መነሻ በቁስለት ሲበሳም ቀዶ ሐኪሞች ቀዳዳውን የሚደፍኑት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ በታማሚው ሞራ ነው፤ ይህን ዘዴ ካናዳዊው ሮስኮ ግራሃም በ1937 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካስተዋወቀ ወዲህ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ስለዚህ ሞራ ጥቅም ያለው አካል ነው፤ ጤነኛ ሞራ ያለ ምክንያት አይቆረጥም። በሌላ በኩል ሞራው ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ይኖራል፣ ይበላል፣ ይሠራል፤ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ምትክ መድኃኒትም ሆነ ልዩ ምግብ አያስፈልገውም። ቤተሰብ "ያለ ሞራ እንዴት ይኖራል?" ብሎ በመፍራት አስፈላጊውን ቀዶ ሕክምና መከልከል የለበትም።

አስቀድሞ መመዘኛው

አማራጮቹን ከማነጻጸር በፊት መመዘኛዎቹን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይገባል። ከሁሉ የሚቀድመው የሕመሙ ምንነት በምን ማስረጃ ታወቀ የሚለው ነው፤ በእጅ ዳሰሳ፣ በአልትራሳውንድ፣ በሲቲ ስካን ወይስ በፓቶሎጂ ናሙና (ከታመመው ሥጋ ጥቂት ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር)? እነዚህ ማስረጃዎች እኩል አይደሉም። ቀጥሎ ሕመሙ ጊዜ ይሰጣል ወይ የሚለው ይመጣል፤ ሰዓታት የሚወስኑበት ሕመም አለ፣ ሁለትና ሦስት ሳምንት ተጠብቆ በደንብ ቢጣራ የሚሻልም አለ። ሦስተኛው የሚቆረጠው ሥጋ ተመርምሮ ውጤቱ የሚገኝበት መንገድ ነው። ወጪ፣ ርቀትና የማገገሚያ ጊዜ የሚመዘኑት ከእነዚህ በኋላ ነው። በተግባር ግን ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይታያል፤ መጀመሪያ ገንዘቡ ይሰላል፣ ምርመራው በመጨረሻ ይጠየቃል። በእኔ እምነት ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነው።

አንደኛ አማራጭ፦ በሕመም ማስታገሻ መከታተል

ሞራ በራሱ ላይ ሲጠመዘዝ ወይም የደም ሥሩ ሲዘጋ ከፊሉ ደም ያጣል። ሕመሙ በአብዛኛው በስተቀኝ ስለሚሆን ከትርፍ አንጀት ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ታማሚው ብዙ ጊዜ የማያስመልሰውና የምግብ ፍላጎቱም ያን ያህል የማይጠፋ መሆኑ ነው። ውፍረት ያላቸው ጎልማሶች ይበልጥ ይጋለጣሉ፤ ሕፃናትም ያገኛቸዋል። በሲቲ ስካን ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ፣ ያበጠ የስብ እብጠት ሆኖ ይገኛል።

ምርመራው በሲቲ ስካን ከተረጋገጠ፣ ታማሚው ትኩሳት ከሌለውና ሆዱ እንደ እንጨት ካልደረቀ ያለ ቀዶ ሕክምና መከታተል ተቀባይነት ያለው መንገድ ነው። ሕመሙ በማስታገሻ እየቀነሰ ሄዶ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ይጠፋል። ወጪው አነስተኛ ነው፣ በሆድ ላይ ጠባሳ አይተውም። ድክመቱ ደግሞ ሁለት ነው፦ በጥቂት ታማሚዎች የሞተው ክፍል መግል ይቋጥራል፤ ከዚህም በላይ ክትትል በእርግጠኛ ምርመራ ላይ ካልቆመ አደገኛ ነው። ሲቲ ስካን በየወረዳው አይገኝም። አልትራሳውንድ ብቻ ባለበት ሆስፒታል "ሞራ ሳይሆን አይቀርም" ተብሎ የተላከ ሰው ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ ይችላል። በመሆኑም ለክትትል የተመረጠ ሰው ትኩሳት፣ ተደጋጋሚ ትውከት ወይም የሆድ መነፋት ባየ ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሊመለስ በሚችልበት ርቀት ላይ መቆየት አለበት። ቤቱ ከመኪና መንገድ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ የሚርቅ ገበሬ ከተማ ካለ ዘመድ ዘንድ ጥቂት ቀናት ቢያርፍ ይሻለዋል።

በዚህ ጊዜ ሆድን በወጌሻ ማሳሸት ፈጽሞ አይገባም። ወጌሻ ለወለምታ የሚሰጠው ጥቅም ሊኖር ይችላል፤ ውስጡ የቆሰለን ሆድ መጫን ግን የተከለለን መግል ሊበትን ይችላል።

ሁለተኛ አማራጭ፦ የታመመውን የሞራ ክፍል ብቻ ማውጣት

ሕመሙ ካልቀነሰ፣ ምርመራው ካልተረጋገጠ ወይም መግል ከተቋጠረ የሞተው የሞራ ክፍል ይወጣል። ይህ በሁለት መንገድ ይሠራል። ላፓሮስኮፒ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ የሚሠራ ሲሆን ሕመሙ ያንሳል፣ ታማሚው በአንድና በሁለት ቀን ይወጣል፣ ቁስሉም የማመርቀዝ ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ሆድን ከፍቶ መሥራት ደግሞ ሰፋ ያለ ቁስል ይተዋል፤ ከባድ ዕቃ ማንሳትም ለ6 ሳምንታት ያህል ይከለከላል። ነገር ግን በሰፊው የሚገኘው እርሱ ነው፤ ብዙ ደም ሲፈስ ወይም አንጀት ሲቆስልም የሚመረጠው እርሱ ነው። ላፓሮስኮፒ ይሻላል ተብሎ ድንገተኛ ታማሚን በዓባይ በረሃ አሳልፎ አዲስ አበባ ማድረስ ትክክል አይደለም፤ በእጅ ያለው ቀዶ ሐኪም ከፍቶ በጊዜው የሠራው ዘግይቶ ከተሠራው ላፓሮስኮፒ ይበልጣል።

በሞራ ላይ የሚፈጠር ውሃ የቋጠረ ከረጢትም በዚሁ አማራጭ ሥር ይወድቃል። ብርቅ ሕመም ነው፤ በአንጀት ማንጠልጠያ ሽፋን ላይ ከሚፈጠረው ተመሳሳይ ከረጢት ጋር ተደምሮ በአዋቂዎች ከ100,000 የሆስፒታል ተኝቶ ታካሚዎች በአንዱ፣ በሕፃናት ከ20,000 በአንዱ ያህል እንደሚገኝ የሕክምና መጻሕፍት ይጠቅሳሉ። የልጅ ሆድ ያለ ሕመም ቀስ እያለ ሲነፋ የሚታሰብ ነገር ነው። ውሃውን በመርፌ ቀድቶ መመለስ ርካሽ ቢመስልም ከረጢቱ መልሶ ይሞላል፤ ስለዚህ ከረጢቱን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ይመረጣል።

በቡአ ወይም በእምብርት በኩል ወጥቶ የተቀረቀረ ሞራም እንዲሁ ነው። የማይመለስና የሚያም እብጠት የቀዶ ሐኪም ጉዳይ ነው፤ ሐኪሙ ሞራው ሕይወት ካለው ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፣ ከሞተ ያንን ክፍል ብቻ ቆርጦ ቀዳዳውን ይጠግናል።

በሬ የወጋው ወይም በስለት የተወጋ ሰው ሞራው በቁስሉ በኩል ወጥቶ ቢታይ ደግሞ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። የወጣውን ወደ ውስጥ መግፋት፣ መቁረጥ ወይም ቅጠል መደፍደፍ አይገባም፤ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ምግብም መጠጥም ሳይሰጡ ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራበት ቅርብ ሆስፒታል መውሰድ ብቻ ነው። ከተወጉት ሰዎች ብዙዎቹ በውስጥ በኩል ሌላ አካላቸውም ተጎድቶ ይገኛል።

ሦስተኛ አማራጭ፦ ከመወሰን በፊት ናሙና መውሰድ

በዚህ ክፍል ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም በአገራችን ሁኔታ ከሁሉ የከበደው ውሳኔ ይህ ነው።

አንዲት እናት ሆዷ ውሃ ቋጥሮ፣ ከስታ፣ ማታ ማታ እያተኮሳት ትመጣለች። አልትራሳውንዱ ወይም ሲቲ ስካኑ "ሞራው ወፍሯል" ይላል። የደም ምርመራው ሲኤ 125 የተባለው ከፍ ብሏል። ይህ ሁሉ የእንቁልጢ ወይም ኦቫሪ (የሴት እንቁላል የሚፈራበት አካል) ካንሰር ወደ ሞራ ሲሰራጭ የሚታይ ነው። ነገር ግን የሆድ ቲቢም ይህንኑ ሁሉ ያሳያል፤ ሲኤ 125ንም ከፍ ያደርጋል፣ ሞራንም ያወፍራል፣ ውሃም ያቋጥራል። በምስል ብቻ ሁለቱን መለየት ለልምድ ባለቤቶችም ያስቸግራል። የውሃው ምርመራ ይረዳል፤ ግን የቲቢ ተሕዋስ በሆድ ውሃ ውስጥ በቁጥር ጥቂት ስለሚሆን ጂን ኤክስፐርት የተባለው የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ "የለም" ቢል እንኳ ቲቢን አያስቀርም።

በሁለቱ መካከል ያለው የሕክምና ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ለቲቢ ሞራን ማውጣት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ተጣብቆ ያበጠውን ሆድ መክፈት አንጀትን የመብሳት አደጋ አለው። ሕክምናው የ6 ወር መድኃኒት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት፣ በቀሪዎቹ 4 ወራት ሁለት ዓይነት ይሰጣል። በመንግሥት ጤና ተቋማት ደግሞ መድኃኒቱ በነጻ ነው። በጊዜ የተጀመረለት ሰው ውሃው ደርቆለት ወደ ሥራው ይመለሳል። በአንጻሩ ካንሰር ሆኖ ሳለ ቲቢ ነው ተብሎ ወራት ቢባክኑ ሊመለስ የማይችል ጊዜ ያልፋል።

ስለዚህ ታማሚዋ በአጣዳፊ አደጋ ላይ ካልሆነች በስተቀር፣ ሞራ በወፈረ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ከመፈረም በፊት ናሙና መጠየቅ ተገቢ ነው። ናሙናው በአልትራሳውንድ እየተመራ በመርፌ ሊወሰድ ይችላል፤ ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ታማሚዋም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ትመለሳለች። ውፍረቱ በመርፌ የማይደረስበት ከሆነ በላፓሮስኮፒ ወይም በትንሽ ቀዳዳ ሆድን ተመልክቶ ይወሰዳል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ በኦቫሪ ላይ ብቻ ያለ፣ ወደ ሌላ ያልተሰራጨ እብጠት በመርፌ አይወጋም፤ ካንሰር ከሆነ ሊበተን ይችላልና።

ቤተሰብ ናሙናውን በእጁ ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ፓቶሎጂ የሚሄድበት ጊዜ አለ። የሚከተሉትን ቢያረጋግጥ ድካሙ ከንቱ አይሆንም። ለማይክሮስኮፕ ምርመራ የሚሄደው ሥጋ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ፣ ፈሳሹ የሥጋውን መጠን ወደ አሥር እጥፍ ያህል ሆኖ መቀመጥ አለበት። ለቲቢ የሚመረመረው ክፍል ግን ፎርማሊን አይነካውም፤ ተሕዋሱን ይገድለዋልና። እርሱ በንጹሕ ዕቃ፣ በሕክምና ጨው ውሃ ለብቻው ይላካል። "ዶክተር፣ ከናሙናው ለቲቢ የሚሆን ተለይቶ ይቀመጥልን" ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም። በሁለቱም ዕቃዎች ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥርና የተወሰደበት ቦታ ይጻፍ።

አራተኛ አማራጭ፦ ከካንሰር ቀዶ ሕክምና ጋር ሞራን ማውጣት

የኦቫሪ ካንሰር ሲረጋገጥ ሞራን ማውጣት የመደበኛው ቀዶ ሕክምና አካል ነው። ሁለት ጥቅም አለው፦ የሚታየውን የካንሰር መጠን ይቀንሳል፣ ያልታየም ካለ በማይክሮስኮፕ ተገኝቶ ደረጃው በትክክል እንዲታወቅ ያደርጋል። ካንሰሩ ከዳሌ አልፎ በሞራ ላይ ከተገኘ ቢያንስ ሦስተኛ ደረጃ ነው፤ ይህም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስለሚሰጠው ኬሞቴራፒ (የካንሰር መድኃኒት) ይወስናል። ሞራው ለዓይን ጤነኛ ከመሰለ ከትልቁ አንጀት በታች ያለው ክፍል ይወጣል፤ በግልጽ ከተያዘ እስከ ጨጓራው ጠርዝ ድረስ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ሁለተኛው ረዘም ያለ ሰዓት ይወስዳል፣ ከጣፊያና ከጨጓራ የደም ሥሮችም ስለሚቀርብ የደም መፍሰስ አደጋው ይጨምራል። በጨጓራ ካንሰርም እንደ በሽታው ጥልቀት የሞራው ከፊል ወይም ሙሉ አካል አብሮ ይወጣል።

እዚህ ላይ ቤተሰብን የሚያደናግረው "መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና ወይስ መጀመሪያ ኬሞቴራፒ?" የሚለው ነው። ቀዶ ሐኪሙ የሚታየውን ካንሰር በሙሉ ማውጣት እንደሚችል ካመነና ታማሚዋ አቅም ካላት ቀዶ ሕክምናው ይቀድማል። ካንሰሩ በጣም ከተሰራጨ ወይም ታማሚዋ ከደከመች በናሙና ከተረጋገጠ በኋላ 3 ዙር ያህል ኬሞቴራፒ ተሰጥቶ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ፣ ቀሪው ዙር ይቀጥላል። ግማሹን ትቶ የሚዘጋ ቀዶ ሕክምና ከሁለቱም ያነሰ ጥቅም አለው። ስለዚህ ይህን ቀዶ ሕክምና የሚያውቅ ባለሙያ ያለበት ቦታ ድረስ መሄድ ለአጣዳፊው ሕመም የማልመክረው ቢሆንም እዚህ ላይ ግን እመክረዋለሁ።

ቦርጭን ለመቀነስ ሞራን ስለ ማውጣት የሚጠይቁም አሉ። ይህ አማራጭ አይደለም። የጨጓራ ማጥበቢያ ቀዶ ሕክምና ላይ ሞራን ማውጣት ተጨምሮ በተጠና ጊዜ ለስኳርም ሆነ ለክብደት የረባ ተጨማሪ ጥቅም አልተገኘበትም።

የት ይሠራ?

በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች የሠለጠኑ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ባሉበት ትርፍ አንጀት፣ የተቀረቀረ ቡአና የተወጋ ሆድ ሊሠራ ይችላል። ሲቲ ስካን፣ ናሙና ወይም የካንሰር ቀዶ ሕክምና የሚፈልግ ሰው ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ወዳሉት ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች፣ ባሕር ዳርም ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ወደሚባሉት በሪፈር ይሄዳል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥቁር አንበሳ የአገሪቱ ነባር የካንሰር ሕክምና ማዕከል ቢሆንም ወረፋውንና የአስታማሚ ማደሪያን ማሰብ ያስፈልጋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው የሪፈር ወረቀቱን ከጤና ጣቢያው ጀምሮ በተራ ይያዝ፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ መሄድ ሽፋኑን ሊያሳጣው ይችላል። መድን በሚሸፍነውም ጊዜ መጓጓዣ፣ የአስታማሚ ምግብና ማደሪያ ከኪስ ይወጣልና ለዚያ መዘጋጀት አይቀርም።

| አማራጭ | ለማን ይሆናል | ጊዜ ይሰጣል? | አንጻራዊ ወጪ | ወደ ከባድ ሥራ መመለስ |
|---|---|---|---|---|
| መከታተል | በሲቲ የተረጋገጠ የሞራ ደም ማጣት፣ ትኩሳት የሌለው | ቀናት፤ ሆስፒታል ቅርብ ሆኖ | ዝቅተኛ፣ ሲቲው ግን ይጨምራል | ሕመሙ ሲጠፋ፣ በ2 ሳምንት ገደማ |
| በላፓሮስኮፒ ከፊሉን ማውጣት | ያልተሻለው፤ በሞራ ላይ ከረጢት ያለው | እንደ ሁኔታው | ከፍተኛ | ከ2 እስከ 4 ሳምንት |
| ከፍቶ ከፊሉን ማውጣት | የተወጋ፣ የተቀረቀረ፣ መግል የቋጠረ | ሰዓታት ብቻ | መካከለኛ | 6 ሳምንት ያህል |
| ናሙና | ሞራው ወፍሮ ምንነቱ ያልታወቀ | አዎ፣ ግን ወራት አይደለም | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | በመርፌ ከሆነ በጥቂት ቀናት |
| ከካንሰር ጋር ማውጣት | በናሙና ወይም በቀዶ ሕክምና የተረጋገጠ | ሳምንታት | ከሁሉ ከፍተኛ | ከ6 ሳምንት በላይ፣ ኬሞው ሳይቆጠር |

እንደ ሁኔታዎ

ድንገት የጀመረ፣ የማይቋረጥ የቀኝ ሆድ ሕመም ያለው ሰው ሞራ ነው ወይስ ትርፍ አንጀት ብሎ ቤት ውስጥ አያመዛዝን፤ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል በዚያው ቀን ይሂድ። ሲቲ ስካን ከሌለና ሐኪሙ "ከፍተን እናያለን" ካለ ይህ ተገቢ ምክር ነው።

ቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ የሚሰጠው ከሆነ ገበሬ የእርሻውን ወቅት ለሐኪሙ ቢነግር መልካም ነው። ለከረጢት ወይም ላልተቀረቀረ ቡአ ከእርሻና ከአጨዳ መካከል ያለውን ጊዜ መምረጥ ይቻላል፤ ተከፍቶ የተሠራ ሰው በስድስት ሳምንቱ ውስጥ ሞፈር ቢሸከም ቁስሉ ሊላቀቅና ቡአ ሊያወጣ ይችላልና። ለካንሰርና ለቲቢ ግን ሰብል እስኪገባ መጠበቅ አይገባም፤ ጎረቤት በደቦ ያግዝ።

ጠበል የሚጠጡ ታማሚዎች ከማደንዘዣ በፊት ምግብ ቢያንስ ለ6 ሰዓት፣ ውሃና ጠበልም ቢያንስ ለ2 ሰዓት እንደሚቆም ይወቁ፤ አንጀቱ የተዘጋ ሰው ግን ከነጭራሹ በአፉ ምንም አይውሰድ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ጾም የንስሐ አባትን አማክሮ የሚታለፍ ነው፤ ቁስል የሚጠግነው በእንቁላል፣ በወተትና በሥጋ ጭምር ነው። የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱትም በጾም ምክንያት አንድም ቀን እንዳያቋርጡ።

አቅሙ አነስተኛ የሆነ ቤተሰብ አንድ ወጪ ብቻ መሸፈን ቢችል ወጪውን በናሙናው ላይ ያውል። የቀዶ ሕክምናው ዓይነት፣ ቦታውም ሆነ የኬሞው አስፈላጊነት በዚያ ወረቀት ላይ የተመሠረተ ነው፤ የውጤቱን ዋና ቅጂ በእጅ ማቆየት፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲሄዱም ከሲቲ ፊልሙ ጋር ይዞ መቅረብ ይገባል።

ዕድሜያቸው የገፋ ወይም ሰውነታቸው እጅግ የደከመ፣ ካንሰሩ በሞራውና በጉበቱ ሁሉ የተሰራጨባቸው ታማሚዎች ቤተሰብ ቀዶ ሕክምናውን አለመምረጡ ሕክምና መከልከል አይደለም። የተቋጠረውን ውሃ በየጊዜው መቅዳት፣ ሞርፊንን ጨምሮ ሕመምን በበቂ ማስታገስ፣ ማስመለስንና ድርቀትን ማከም የሆስፒታሉ ሥራ ነው፤ ቤተሰብም ከመውጣቱ በፊት የመድኃኒቱን አወሳሰድ፣ ውሃው ሲመለስ የሚቀዳበትን ቅርብ ሆስፒታልና ማስታገሻው ሲያልቅ ማን እንደሚጽፍለት በጽሑፍ ተቀብሎ ይሂድ።